የመጨረሻዋ ጥቅልል

ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መቱ መናኸሪያ አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች ወንበር አይገኝባቸውም። ከጋምቤላ የመጣ ሹፌር፣ ከወረዳ ለስብሰባ የተጠራ ባለሙያ፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመዱን የሚያስታምም ገበሬ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ። የቀረበው ተጋቢኖ ወይም ጥብስ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ አንድ እንጀራ ተነጥፏል፣ ከጎኑ ሁለት ጥቅልል አለ። ሰሐኑ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ሲጎድል በላተኛው ቀና ይላል። ውኃ ይጎነጫል። ትንፋሹን ያወጣል፣ ቀበቶውን ይነካካል። ረሃቡ ያን ጊዜ አልቋል፤ ምግቡ ግን አላለቀም። እጁ ተመልሶ ይወርዳል። ወጥ የጠጣውን ንጣፍ ከዳር እየሰበሰበ ይጨርስና በመጨረሻዋ ጥቅልል ሰሐኑን ወልውሎ፣ እያቃሰተ ወደ እጅ መታጠቢያው ይሄዳል።

"ጠግበህ የለም እንዴ?" ብሎ የሚጠይቀው ካገኘ መልሱ በመቱም፣ በጎሬም፣ በያዩም ተመሳሳይ ነው፤ "እህል አይጣልም።" አንዳንዱ "እህል ይቆጣል" ይላል። ሌላው "የከፈልኩበት ነው" ብሎ ገንዘቡን ያስባል። ሦስቱም መልሶች ክብር ይገባቸዋል። መሬት የወደቀ ቁራሽ አንሥቶ፣ ስሞ፣ እግር በማይደርስበት ቦታ የሚያስቀምጥ፣ ትዳር ሲፈርስ እንኳ "እህል ውኃቸው አለቀ" የሚል ሕዝብ ምግብን አቅልሎ እንዲያይ ማንም ሊመክረው አይገባም። ችግሩ ክብሩ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ጭልፋው ድስት ውስጥ ሲገባ፣ አስተናጋጁ ትእዛዝ ሲቀበል፣ ሦስተኛው እንጀራ ከሌማቱ ሲወጣ ስለ እህሉ የሚያስብ ሰው የለም። የሚታሰበው ሆድ ከሞላ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሌላውን ሁሉ ዕዳ የሚከፍለው ሆድ ይሆናል።

ኢሉባቦር ውስጥ ይህ ልማድ ከአባባል የጠለቀ ሥር አለው። በ1977 ዓ.ም. ወሎ፣ ትግራይና ሰሜን ሸዋ በረሃብ ሲያልቁ ደርግ ሰውን ከደረቀው ሰሜን ወደ ለምለሙ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የማስፈር ዘመቻ ከፈተ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በጭነት መኪና፣ በአውቶቡስና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጓጉዞ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ወረደ። ወዶ የመጣ ነበር፤ ተገዶ የመጣም ነበር። በመንገድ ላይና በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው በበሽታ አልቋል፤ ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጇ ተለያይተዋል። የአካባቢው የኦሮሞ ገበሬዎች ጎጆ እንዲሠሩላቸውና እህል እንዲያዋጡላቸው ታዘዙ። የጤፍና የገብስ አገር ሰው በቆሎና ጎደሬ ለመደ።

በሰፈራው ጊዜ ልጅ የነበሩት አሁን ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠግተዋል ወይም አልፈዋል። የልጅ ልጅ ያዩም አሉ። እነዚህ ሰዎች የሰሐኑን ጠርዝ በጣታቸው ጠርገው ሲልሱ አይቶ "መጥፎ ልማድ" ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው። ለእነሱ ባዶ ሰሐን ዛሬ ያለ ስጋት ያለፈ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም ነው።

ረሃብ ሰው ውስጥ ምን ጥሎ እንደሚያልፍ በአንድ የታወቀ ሙከራ ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ኅዳር፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወጣቶችን ሰብስበው ጥናት ጀመሩ። ዓላማው ጦርነቱ ያስራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንታት በግማሽ ቀለብ ኖሩ፤ ከክብደታቸውም ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያ በፊት ስለ ምግብ ብዙም የማያስቡ የተማሩ ሰዎች ሰሐን መላስ ጀመሩ። ቀን ስለ ምግብ ያወራሉ፣ ሌሊት ስለ ምግብ ያልማሉ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡም ነበሩ። በጣም የሚያስገርመው ግን ቀለቡ ከተመለሰላቸው በኋላ የሆነው ነው። ሆዳቸው ከሚችለው በላይ በልተው እንኳ "አልጠገብንም" ይሉ ነበር፤ ስሜቱም ለወራት አልለቀቃቸውም። እነዚህ ሰዎች ማብቂያው ቀን ተቆርጦለት፣ ሐኪም አጠገባቸው ሆኖ የተራቡ ናቸው። በ1977ቱ ረሃብ የረሃብተኞች መጠለያ በነበረው ኮረም ሜዳ ላይ ያለ ቀን ቀጠሮ የተራበ ልጅ ምን ይዞ እንዳደገ መገመት አያዳግትም።

የሰፋሪው ልጅና የልጅ ልጅ ግን ረሃቡን አላየውም። የወረሰው የእጁን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገው የኢሉባቦር ልጅም ይህንኑ ከትምህርት ቤት፣ ከጎረቤትና ከገዛ እናቱ ተምሯል። ምክንያቱ ከተረሳ በኋላ የሚቀጥል ልማድ ቢመረመር ነውር የለውም።

ምክንያቱ እንደተለወጠ ለማየት መቱን መመልከት ይበቃል። በዙሪያዋ ያለው አገር ዛሬም ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የማይለቀው፣ ጫካው ቡና የሚያበቅል ነው፤ የያዩ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ ጫካ ውስጥ ቡና ሲለቅም የሚውል፣ ማር ለመቁረጥ ረጅም ዛፍ የሚወጣ፣ በጭቃ ዳገት በቆሎ ተሸክሞ ገበያ የሚደርስ ሰው የበላው ሁሉ በጉልበቱ ይወጣል። ከተማዋ ውስጥ ግን ሌላ ኑሮ ገብቷል። መቱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ፤ ባንኩ፣ ቢሮው፣ ባጃጁ ተከተለ። ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ የሚቀርብለት አሁንም አባቱ ሞፈር ይዞ ሲመለስ ይቀርብለት የነበረው ያህል ነው። ጭልፋው ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ አላነሰም።

ቁጥሮቹ ይህን በሁለት በኩል ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወሊድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ከሲታ ነበሩ፤ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ። በከተማ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ወደ 21 በመቶ ይወጣል። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ ቀንጭረዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በተደረገ ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ይህ ሁሉ ያለው በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቅሬታ መነሣቱ ተገቢ ነው። የሚቀነጭር ሕፃን ባለበት አገር "ሰሐን አትጨርሱ" ብሎ መጻፍ የጠገበ ሰው ወሬ አይሆንም? ይህ ምክር ለነፍሰ ጡሯ፣ ለምታጠባዋ፣ ከበሽታ ለሚያገግመው፣ በክረምቱ መካከል ጎተራው ለጎደለበት ቤተሰብ አይደለም። ለእነሱ ሰሐኑ እንዲሞላ መታገል ይገባል። ነገሩ የሚመለከተው ጠግቦ እያለ ለሚቀጥለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ጠግቦ የዋጣት ጥቅልል ለተራበው አልደረሰችም፤ ተገቢ ስሟ "ያልባከነች" ሳይሆን ሳይታይ የባከነች ነው። ለተራበው የምትደርሰው ከመነሻው ከሌማቱ ካልወጣች ብቻ ነው።

ሰውነት መጥገቡን ለራሱ የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው። ሆድ ሲወጠር የሚላከው የነርቭ መልእክት፣ አንጀት የሚያመነጫቸው የጥጋብ ሆርሞኖች፣ ሁሉም ተደምረው አንጎል "ይበቃል" እስኪል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ያልፋል። በችኮላ የሚበላ ሰው ሰሐኑን በአሥር ደቂቃ ሲጨርስ መልእክቱ ገና መንገድ ላይ ነው። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ለተሳታፊዎች ማካሮኒ በአይብ በተለያየ ቀን በተለያየ መጠን ቀረበላቸው፤ ትንሹ 500 ግራም፣ ትልቁ 1,000 ግራም ነበር። ትልቁ ሲቀርብላቸው ከትንሹ ይልቅ 30 በመቶ ያህል አብልጠው በሉ። የረሃባቸው መጠን በሁለቱም ቀን ያው ነበር። የበሉትን የወሰነው ያቀረበው እጅ ነው።

ብዙ ሰው ሰሐን መጥረግን የአባቶች ሥርዓት አድርጎ ያየዋል። እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአባቶች ቤት ሰሐን የሚባል የግል ነገር አልነበረም፤ ገበታው አንድ ነበር። አባወራውና እንግዳው ቀድመው ይቀርባሉ። ልጆች ኩራዝ ይዘው ወይም እጅ ለማስታጠብ ቆመው ይጠብቃሉ። ጨዋ ሰው ከፊት ለፊቱ ይቆርሳል፣ ሥጋውን ሁሉ አያነሣም፣ ገበታው ገና ሳለ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ እጁን ይሰበስባል። የቀረው የልጆቹ፣ የእናቲቱ፣ የእረኛው እራት ነው። እንደ ጎሬው ራስ ተሰማ ናደው ያሉ መኳንንት ባሉበት ዘመን የነበረው የግብር ሥርዓትም በዙር የሚበላበት ነበር፤ የአንዱ ዙር ትራፊ ለሌላው ይደርሳል። በዚያ ቤት ገበታ የሚጠርግ ሰው "ሆዳም" ይባላል እንጂ አይመሰገንም።

ያ ሥርዓት ግፍ ነበረበት። ሴትና ሕፃን ከሁሉ በኋላ፣ ከሁሉ ያነሰ እንዲበሉ ያደረገ ሥርዓት ተመልሶ እንዲመጣ የሚመኝ የለም፤ የቀነጨሩ ልጆች ታሪክ ከፊሉ ከዚያ የሚጀምር ነው። ሆኖም በላተኛው ማቆሚያውን ከገበታው ባዶነት አልፈለገም ነበር። ሲጠግብ ማቆም ይችል ነበር፤ ያስተረፈውም የሚሄድበት አያጣም። አዳሪ ትምህርት ቤቱ፣ የጦር ካምፑና ሆቴሉ የግል ሰሐን ሲያመጡ ትራፊውም የግል ኃፍረት ሆነ። ሌላ ሰው የማይነካው ምግብ ሁለት መሄጃ ብቻ ቀረው፤ ሆድ ወይም የቆሻሻ ገንዳ።

በሃይማኖቱም በኩል የሚጠቀሰው ትምህርት ብዙዎች ከሚያስቡት ይለያል። አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ በተባረኩበት የወንጌል ታሪክ ሕዝቡ እስኪጠግብ ከበላ በኋላ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ከጠገበው ሰው አንዱም "ጨርስ" አልተባለም፤ የተረፈው ተሰብስቦ ተቀመጠ። በኢሉባቦር ብዙ ተከታይ ያለው እስልምናም የሆድን ሢሶ ለምግብ፣ ሢሶውን ለመጠጥ፣ ሢሶውን ለትንፋሽ መተው ያስተምራል። በረካው በየትኛው ጉርሻ እንዳለ ስለማይታወቅ ሰሐን እንዲጠረግም ያስተምራል፤ ይህ እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ግን መጀመሪያውኑ ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ብቻ ያወጣል።

ከሁሉ የሚከብደው እንግድነት ነው። ሁሩሙ ወይም ቡሬ የሆነ ሰው ቤት የገባ እንግዳ በኦሮምኛ "ኛዹ፣ ኛዹ" (ብላ፣ ብላ) ሲባል ይውላል፤ "ቁፌራ" (ጠግቤያለሁ) ቢል የሚያምነው አያገኝም። በአማርኛ ተናጋሪው ቤትም "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" ይከተላል። ከዚያ ጉርሻ ይመጣል፤ አንዱ ያጣላልና ሁለተኛው አይቀርም። እዚህ ላይ ሰሐን መጥረግ ጭራሽ ወጥመድ ይሆናል። ባዶ ሰሐን ያየች ባለቤት "አልጠገበም" ብላ ተጨማሪ ጭልፋ ትገለብጣለች። እንግዳው ላለማሳፈር ይጨርሳል፤ እሷም ላለማሳፈር ትጨምራለች፤ ሁለቱም በፍቅር ነው የሚያደርጉት። ይህን ዙር የሚሰብረው ጥቂት ሳይነካ ማስቀረት ነው። ያ ደግሞ የድሮው የጨዋ ደንብ ነው፤ ማንም ከባሕር ማዶ አላመጣውም። ባለቤቲቱም መጀመሪያ በጥቂቱ አቅርባ ቆይታ ብትጠይቅ ፍቅሯ አይጎድልም።

ልጆች ላይ ያለው ነገር የበለጠ ያሳስባል። ጠግቦ ፊቱን ያዞረ ሕፃን "አንድ ብቻ፣ ለአባዬ፤ አንድ ብቻ፣ ለእማዬ" እየተባለ እንዲጎርስ ይደረጋል። "ካልጨረስክ ከረሜላ የለም" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሊያን በርች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ትንንሽ ልጆችን በሁለት ከፍለው አጠኑ። አንዱ ቡድን ሆዱን እንዲያዳምጥ ተበረታታ፤ ሌላው ሰሐኑ ላይ የቀረውን እንዲመለከትና ሲጨርስ እንዲሸለም ተደረገ። ሆዳቸውን ያዳመጡት ኃይል ሰጪ ምግብ አስቀድሞ ሲሰጣቸው በኋላ የሚበሉትን ቀነሱ። ሰሐን የሚመለከቱት ግን አልቀነሱም። ማለትም ጥጋብን የማወቅ ችሎታ ሕፃኑ ይዞት የተወለደው ነው፤ በማባበልና በሽልማት የሚያጣው በእኛው እጅ ነው። በእርግጥ ጨርሶ የማይበላ፣ ክብደቱ የማይጨምር ልጅ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል።

ሦስት ልጅ ያላት እናት ማታ ላይ ምን እንደምትበላ የሚቆጥርላት የለም። የራሷን ትበላለች። ከዚያ ትንሹ የተወውን ፍትፍት፣ ትልቋ ያስቀረችውን ግማሽ እንጀራ፣ ባሏ የተወውን ቅንጥብጣቢ "እንዳይደፋ" ብላ ቆማ እያጠበች ትጨርሳለች። ይህን ምግብ ብላ አትጠራውም፤ የቤት ሥራ ነው። በከተማ ከአምስት ሴቶች የአንዷ ክብደት ከልክ አልፏል የሚለው ቁጥር ውስጥ ብዙ ምክንያት አለ። የዚህች እናት ቆማ የበላችው ትራፊ ግን ከእነዚያ አንዱ መሆኑን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ማንኛዋም እናት ትነግራለች። መፍትሔውም ለእሷ "ተቆጣጠሪ" ማለት አይደለም። ለልጆቹ ግማሽ እንጀራ ብቻ ማውጣትና ሲጨርሱ መጨመር ነው፤ ያልተነካው እንጀራ ንጹሕ ሆኖ ሌማት ውስጥ ይቆያል።

ምክንያቱም ኢትዮጵያዊ ኩሽና ለተረፈ እንጀራ መድኃኒት ካጣ ማን ያገኛል? የትላንት እንጀራ የዛሬ ፍርፍር ነው። ፀሐይ ላይ የደረቀው ድርቆሽ ሆኖ መንገደኛና ወታደር ሲሰንቀው ኖሯል። ኢሉባቦር ላይ ግን ዝናቡ ያስቸግራል። ሐምሌ ላይ እንጀራ ለማድረቅ ፀሐይ አይገኝም፤ በእርጥበቱ የተነሣም በሦስትና በአራት ቀን ይሻግታል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ያለውም ከሌለው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የኢሉባቦር እመቤት ከሌላው አገር ይልቅ አስቀድማ መቁጠር ይኖርባታል፤ ስንት እንጀራ ጋግራ ለስንት ቀን፣ ስንት ጭልፋ ለስንት ሰው። የሻገተውን "አይጣልም" ብሎ መብላት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በማሞቅ ሁሉ አይጠፋም።

ምግብ ቤቶቹስ? ቻይና እ.ኤ.አ. በ2013 "ባዶ ሰሐን" የሚል ዘመቻ ጀምራ ነበር፤ ሚያዝያ 29 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ምግብ ማባከንን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ልብ የሚባለው የሕጉ አቅጣጫ ነው። ሕጉ ደንበኛውን ከሚፈልገው በላይ እንዲያዝ የሚያደርግ ሻጭን ይቀጣል፤ ብዙ ትራፊ ለሚተው ደንበኛም ሻጩ እንዲያስከፍለው ይፈቅዳል። ከዘመቻ ወደ ሕግ ሲኬድ ዓይኑ ከሰሐኑ ወደ ትእዛዙ ተሻገረ። በመቱና በበደሌ እንዲህ ያለ ሕግ አያስፈልግም። "ግማሽ አለ" የሚል አንድ መስመር የዋጋ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ፣ ከጎን የሚመጣውን ሁለት ጥቅልል ሲጠየቅ ብቻ ማምጣት ይበቃል። አስተናጋጁ ያልተነካውን ጥቅልል ወደ ሌማቱ ቢመልሰው ባለቤቱ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። የጠገበ ደንበኛም "ጠቅልልልኝ" ለማለት ማፈር የለበትም። ዛሬ ይህን የሚል ሰው አንዳንድ ቦታ በዓይን ይገላመጣል፤ ሰሐን ልሶ የሚነሣው ግን ማንም አያየውም። አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል ትራፊ "ቡሌ" ተብሎ ለድሀ ይሸጣል። ከተለያየ ሰሐን የተገለበጠ፣ የተቀላቀለ፣ የዋለ ምግብ ነው፤ የሚበላውም ሌላ ስላጣ ነው። ያ ምግብ ሰሐን ላይ ሳይወጣ በፊት፣ ድስት ውስጥ ሳለ ቢሰጥ የሰው ምግብ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ካፌም እንዲሁ ነው። በአንድ ጭልፋ የሚመገቡ ሁለት ተማሪዎች አሉ፤ አንዱ ኳስ ሜዳ የሚውል፣ ሌላዋ ቤተ መጻሕፍት የምትውል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ተሰፍሮላቸው አንዱ ሲርበው ሌላዋ ትደፋለች ወይም እያቃሰተች ትጨርሳለች። "ቀንሱልኝ" የምትል ተማሪ የምትሰማበት ሰልፍ፣ "ጨምሩልኝ" የሚልም የሚያገኝበት፣ ከአንድ ዓመት ዘመቻ የበለጠ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ኢሉባቦር የራሷ መሣሪያ አላት፤ ቡና። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ውስጥ ፈልቶ አቦል እስኪቀዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሆድ ለአንጎል መልእክት ከሚያደርስበት ጊዜ አይተናነስም፣ እንዲያውም ይበልጣል። አሁን በብዙ ቤት ቡናው የሚቆላው ምግቡ ተበልቶ፣ ሰሐኑ ተጠርጎ፣ ሁሉም ወንበሩ ላይ ከተደገፈ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ትንሽ ማዛወር ይቻላል። ባለቤቲቱ መጀመሪያ በጥቂቱ ታቀርባለች፤ መሶቡን ትከድንና ብረት ምጣዱን እሳት ላይ ትጥዳለች። ጭሱ እየተሸተተ፣ ወሬው እየደመቀ፣ ሰዉ የወጡን ነገር ይረሳል። አቦል ሲቀዳ "ትንሽ ልጨምር?" ትላለች፤ የራበው መሶቡን ይከፍታል፣ ያልራበው ሲኒውን ይቀበላል። ክዳኑ ሥር የቀረው እንጀራ በማግስቱ ጠዋት በበርበሬና በቅቤ ፍርፍር ሆኖ ከመጀመሪያው ጀበና ጋር ይቀርባል።